እሁድ እሁድ የሚያመው ኮምፒውተር

ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ኮምፒውተር ሰው ይመስለኝ ነበር። ያውም ክፉ ሰው። ቤታችን ውስጥ ስሙ የሚነሳው እንዲህ ነበራ፦ «ኮምፒውተር መጥቶ ቦታውን ወሰደበት»፣ «ኮምፒውተር ነው ያባረረው»። እኔ አንድ ወፍራም፣ ፂሙን የተላጨ ሰውዬ ይታየኝ ነበር። አባዬ ሃያ ሦስት ዓመት የቆመበት ቦታ ድረስ መጥቶ በትከሻው ገፍትሮ ያስወጣዋል። ባገኘው ምን እንደማደርገው ወስኜ ጨርሻለሁ፤ ቁርጭምጭሚቱን እነክሰዋለሁ። ከዚያ በላይ ቁመቴ አይደርስም።

አባዬ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው እያለቀ ስለሆነ ላስረዳ። ድሮ እያንዳንዷ ፊደል ለብቻዋ በብረት ትቀረጽ ነበር። ፊደል ለቃሚው ብዙ ጉድጓድ ካለው ሰፊ ሳጥን ፊት ይቆማል፤ ዓይኑ ከሚታተመው ወረቀት ሳይነሳ ጣቱን ብቻ እየላከ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይለቅምና በመስመር ይደረድራቸዋል። የተቀረጹት ደግሞ በግልባጭ ነው፣ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ፤ የሚቃኑት ወረቀት ላይ ሲያርፉ ነው። ስለዚህ አባዬ የተገለበጠ ጽሑፍ ሲያነብ ከእኔ ይፈጥን ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የተቃናውንም ገና እየታገልኩት ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሲያስገባ ፊደል ለቃሚዎቹን በሙሉ አሰናበተ። አባዬ ቤት መጣ፣ ፒጃማውን ለበሰ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አራት ወር። እማዬ ለሚጠይቋት ሁሉ «ትንሽ አሞት ነው» ትላለች። እኔም አሞት ነው ብዬ አጠገቡ እየተኛሁ አስታመምኩት። ቀኝ እጁ ግን ሕመምተኛ አይመስልም ነበር። ከብርድ ልብሱ ላይ የማይታይ ነገር ይለቅማል፣ ወደ ግራ እጁ ይወስዳል፣ ያስቀምጣል፤ እንደገና ይለቅማል። ቁንጫ መስሎኝ አብሬው ፈለግኩ። አንድም አጣሁ። አባቴ ተኝቶ እየሠራ እንደነበር የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ የእማዬ ታናሽ ወንድም ማዳበሪያ ተሸክሞ መጣ። ይህ አጎቴ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ሰው ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል። ከሥራው የተነሳ ይሁን ከቅጥነቱ፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ፣ ዞር ሲል ሽቦ ነው። በዚያን ጊዜ ስለ ሽቦ የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ሸሚዙ ተተኩሶ አያውቅም፣ እኛ ቤት ሲመጣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይበላል። ሆዳም ነው ብዬ ዘግቼዋለሁ። ሚስቱ ከሞተች ዓመት እንዳልሞላት አውቅ ነበር፤ በቀብሯ ቀን አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። የሚስቱን ሞትና ሁለተኛውን ሰሃን የሚያገናኝልኝ ሰው ግን አልነበረም።

ሽቦ ማዳበሪያውን አባዬ አልጋ ሥር ዘረገፈው። ብረት ሳጥን፣ ኬብል፣ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ብሎን ተንኳኳ።

«ይኸውልህ፣ ኮምፒውተር ማለት ይሄ ነው» አለው።

እኔ በደስታ ልሞት። አጎቴ ያንን ሰውዬ አግኝቶ ቆራርጦ በማዳበሪያ አምጥቶልናል። ወደ እማዬ ዞሬ ባየት እሷ ምንም አልመሰላትም፤ የስፌት መኪናዋን እያሽከረከረች የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሰው ተቆራርጦ ቤቷ ሲገባ ቀና የማትል ሴት፣ አልኩ በልቤ፣ የእኔ እናት ጀግና ናት።

አባዬ ከግድግዳው ሳይዞር «አንሳልኝ ይሄን» አለ።

ሽቦ አላነሳም። ወለሉ ላይ ተዘረጋና ካቻቢቴውን አውጥቶ መግጠም ጀመረ። ሲገጥም ግን ያሳዝናል። ብሎኑን ጠማማ ያስገባል፣ ሰሌዳውን አንጋድዶ ያስቀምጣል፣ ራሱን ያካል። ዓይኑን ጨፍኖ ሬዲዮ የሚፈታ ሰው እንዲህ እጁ የተሳሰረው ለምን እንደሆነ ዛሬ አልጠይቅም። ያኔ ግን አፈርኩለት። አልጋው ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤ አባዬ በትከሻው በኩል ቁልቁል እያየ ነበር።

«ጠምሟል» አለ።

«የቱ?»

«ያ። ከግራ ሁለተኛው።»

«የት ጠመመ? ቀጥ ብሏል እኮ።»

አባዬ ጠማማ መስመር አይቶ መታገስ አይችልም፤ ሃያ ሦስት ዓመት የኖረበት ነው። መጀመሪያ አንድ እግሩ ወረደ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ አባቴ በፒጃማው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ካቻቢቴውን ከሽቦ እጅ ሲነጥቅ አየሁ።

ሁለት ቅዳሜ ገጠሙት፤ ሞኒተሩንና ኪቦርዱን ሽቦ ኋላ አመጣ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ አባዬ የመጨረሻውን ኬብል፣ በአንድ ጠርዙ ቀይ መስመር ያለበትን ጠፍጣፋውን፣ ራሱ ሰካና ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ተነሳ፣ ሞኒተሩ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ስታክ አደረገ። ጥቁር። አጠፉ፣ አበሩ፤ ያው ጥቁር። ሽቦ አንገቱን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ብዙ ቆየና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለ ሲወጣ እንባውን እየጠረገ፣ «የተገለበጠ ስታነብ ኖረህ ኖረህ የተቃናውን ገልብጠህ ሰካኸው።»

አባዬ ኬብሉን አየ። ቀዩ መስመር መሆን ከነበረበት በተቃራኒ ወገን ነበር። ከዚያ ሳቀ። እማዬ የስፌት መኪናዋን አቆመች። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ እንደሆነ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጠች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰፋች።

ኬብሉ ሲቃና ማሽኑ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ፊደሎች ሮጡ። ሽቦ ሁለት ሰሃን በልቶ፣ ካቻቢቴውን ለአባዬ ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እሁድ ጠዋት አባዬ ማብሪያውን ሲጫን፦ ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ። ከዚያ ዝም፣ ስክሪኑም ጥቁር።

ድምፁን ስሰማ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። የተራበ ሕፃን ልቅሶ ነበር። ሰውዬው ነፍሱ እንዳልወጣች ገባኝና አልጋው ላይ ዘልዬ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ኮምፒውተር ዕቃ ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ አባዬ ያን ዕለት ነገረኝ። ዕቃ ነው፣ ሲያመው ይጮሃል፣ የጩኸቱን ቁጥር ቆጥሮ ሕመሙን መፈለግ የባለቤቱ ሥራ ነው አለኝ። ዕቃ መሆኑን ተቀበልኩ። ክፉ አለመሆኑን ግን አልተቀበልኩም።

ያ ሳምንት አይረሳኝም። ሰኞ አባዬ ማሽኑን ሙሉ ለሙሉ ፈታና ክፍሎቹን አንሶላ ላይ በመስመር ደረደራቸው። አንዱን ያስገባል፣ ያበራል፣ ይጠብቃል፣ ያጠፋል፣ ደብተር ላይ ይጽፋል። ማክሰኞ ፂሙን ተላጨ፤ እየተንጠለጠለ አላሠራ አለኝ ብሎ። ረቡዕ ፒጃማውን አውልቆ ሱሪ ለበሰ፤ ብሎን የሚያስቀምጥበት ኪስ ፈልጎ ነው። ሐሙስ ከቤት ወጥቶ ስለ ማሽኑ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቆ ተመለሰ። ዓርብ ማታ ማሽኑ ዳነ። ቅዳሜ ሽቦ መጣና አባዬ ከሕመሙ እስከ መድኃኒቱ እየተረከ አሳየው። ሽቦ አፉን ከፍቶ ሰማ። ሁለት ሰሃን በላ። ሄደ። እሁድ ጠዋት፦ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

እንዲህ እያለ አምስት ሳምንት ሄደ። ቅዳሜ ደህና ይውላል፣ እሁድ ያመዋል። እማዬ «ይሄ ኮምፒውተር ሰንበት አይስማማውም» ትላለች። ዛሬ እኔ ከአባዬ ጋር በአንድ ሱቅ ውስጥ በቀን ስምንትና አሥር ማሽን እከፍታለሁ። በእንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ላይ ሦስት ጩኸት ማለት ራሙ ቦታውን አልያዘም ማለት ነው። ራም ማበጠሪያ የሚያክል ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካና ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ነጫጭ ጆሮዎች ቆንጥጠው ይይዙታል። አንዱ ጆሮ ከተከፈተ ሰሌዳው የፀጉር ያህል ብድግ ይላል፣ ማሽኑም ይጮሃል። ለማግኘት ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። አባዬ አምስቱንም ሳምንት እስከ ዓርብ ለምን እንደፈጀበት ራሴን የጠየቅኩት ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው።

ጉዱን ያየሁት በአምስተኛው ቅዳሜ ነው። የእኔ ቦታ ከእማዬ የስፌት ጠረጴዛ ሥር ነበር፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ መሃል። እዚያ የገባ ሰው ይረሳል። አባዬ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ሽቦ ብድግ አለ፣ በሩን አየ፣ እጁን ክፍት ወደሆነው ሳጥን ሰደደና በአውራ ጣቱ የሆነ ነገር ገፋ። ቀጭ የምትል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ማፏጨት ጀመረ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ማፏጨት።

በማግሥቱ ማሽኑ ጮኸ። እኔ ቁርሴን ማላመጥ አቆምኩ።

አባዬ ሽቦን ስለሚወደው ያለ ማስረጃ መክሰስ አልፈለግኩም። ማስረጃው በሚቀጥለው ቅዳሜ በእግሩ መጣልኝ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነኝ፤ አባዬ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምታታልለው?» አለችው።

«እጁ እስኪመለስ።»

«ቢያውቅብህስ?»

«አያውቅም። አሁን ካለቀለት እኮ ተመልሶ ይተኛል።»

የእማዬ እግር ፊቴ ላይ ነበር፤ አውራ ጣቷ ነጠላ ጫማዋ ውስጥ ሲታጠፍና ሲዘረጋ አየሁ። ከዚያ አዲስ ወሬ ነገረችው። ዩኒፎርም የምትሰፋለት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የፈተና ወረቀት የሚተይብላቸው፣ ስህተት የማያልፈው ሰው ይፈልጋሉ። እማዬ የአባዬን ነገር አንስታላቸው ነገ አራት ሰዓት ላይ ማሽኑንም ሰውየውንም ሊያዩ ይመጣሉ። አባዬ ከትናንት ጀምሮ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ሰቅሏል። «ነገ ይሄ ነገር ካልተነሳ» አለች እማዬ፣ «እሱም ዳግመኛ የሚነሳ አይመስለኝም።»

ሽቦ ቀስ ብሎ «ዛሬ አልነካውም» አላት።

አሁን ሳስበው ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው። ጠረጴዛው ሥር ላለችው ልጅ ግን ሌላ ፀሐይ ነበር የወጣላት። የሰማሁት ይህንን ነው፦ ሽቦ አባቴን ያታልላል። እናቴ ታውቃለች። ሁለቱም የማተሚያ ቤቱ ሰላዮች ናቸው። አልነካውም ማለቱንስ፣ ሰላይ የተናገረውን ማን ያምናል? ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እናቴ የቆረሰችልኝን ዳቦ በጥርጣሬ ነው የበላሁት። በላሁት ግን።

ሦስቱ ሻይ ሊጠጡ ወደ ኩሽና ሲገቡ ከተደበቅኩበት ወጣሁ። ነጫጮቹን ጆሮዎች አገኘኋቸው። ሽቦ እንዳደረገው በአውራ ጣቴ ስገፋቸው ሰሌዳው ብድግ አለ። አወጣሁት። ከታች ጠርዙ ላይ የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶች አሉት። ሽቦ የሚነቅለው የሚነቀል ስለሆነ ነው፤ የማይነቀል ካደረግኩት ምን ሊሆን ነው? የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ማስቲሼን አወጣሁ፣ የወርቅ ጥርሶቹን ከዳር እስከ ዳር ቀባኋቸው። የተረፈኝን ቀዳዳው ውስጥ ጨመቅኩት። ከዚያ ሰሌዳውን መልሼ ሰክቼ ሁለቱም ጆሮዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ ተጫንኩት። በሕይወቴ የአባቴን ሥራ ያን ያህል ረድቼ አላውቅም ነበር።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሯ መጡ። ረዥም፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። ሽቦም ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል፤ ማን እንዳስተኮሰው እንጃ፣ አንገቱ ላይ ካውያ ያሳረረው ቡናማ ምልክት አለ። አባዬ ለዳይሬክተሯ ወንበር አቀረበላቸው፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ማብሪያውን ተጫነ።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

አጠፋ። እስከ አሥር ቆጥሮ ጠበቀ። አበራ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፤ ጥቁር።

አባዬ ትከሻው ላይ አንድ ነገር ወረደበት። አውቀዋለሁ ያንን ነገር፤ አራት ወር ከጀርባው ያየሁት ነው። የሽቦ ፊት አመድ መሰለ። እማዬን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ እንደገና እማዬን አየና ከአፉ አመለጠው፦

«ዛሬስ እኔ አይደለሁም።»

እማዬ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አደረጉ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ እጁን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ቀና አላለም።

«አውቃለሁ» አለ። «ያንተ ሲሆን ግራ ጆሮው ተከፍቶ ነው የማገኘው። ዛሬ ሁለቱም ተዘግተዋል።»

ሽቦ «ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ከመጀመሪያው እሁድ። አንዲት ፊደል ከመስመሯ የፀጉር ያህል ብድግ ካለች ወረቀት ትቀድዳለች እኮ። ጣቴ ይህን ሳያውቅ ነው ሃያ ሦስት ዓመት የቆምኩት?»

ይህን ሲናገር ጣቶቹ ራሙን እየነቀሉ ነበር። እምቢ አላቸው። ወዘወዘው፣ በስንት መከራ ወጣ፤ ከወርቅ ጥርሶቹ ላይ እንደ ንፍጥ ያለ ነጭ ክር ተጎተተ። አባዬ አሸተተው። ከዚያ ዞሮ እጆቼን አየ። ማስቲሽ ከጣት ላይ ሲላጥ ደስ ስለሚል ከትናንት ጀምሮ ስልጠው ነበር፤ ግማሹ አሁንም እዚያው ነው።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ላለቅስ አፌን አዘጋጀሁ።

«ፌንጣ» አለኝ፤ ቤት ውስጥ የሚጠራኝ እንዲያ ነው፣ «ሂጂ ላጲስሽን አምጪልኝ።»

ዳይሬክተሯ ሌላ ቀን ይሻል እንደሆን ጠየቁ። አባዬ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ይነሳል አላቸው። ላጲሱን ሳቀብለው ሰሌዳውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፎ የወርቅ ጥርሶቹን በላጲስ ይፈገፍጋቸው ጀመር፤ አንድ በአንድ፣ ዘንበል እያደረገ፣ ብርሃን ላይ እያየ። እጁ አይንቀጠቀጥም። እማዬ እጁን ታይ ነበር እንጂ ማሽኑን አይደለም። የተለጎመውን ቀዳዳ ተወውና ሰሌዳውን አጠገቡ ባለው ባዶ ቀዳዳ ሰካ። ቀጭ፣ ቀጭ። አሁንም ድረስ ራም ስናጸዳ ላጲስ ነው የምንጠቀመው። ደንበኛ ሲያየን ይስቃል፤ ይሳቅ።

ማብሪያውን ተጫነ። ጢጥ አለ፣ አንዴ ብቻ፣ አጭር። አንድ አጭር ጩኸት ደህና ነኝ ማለት ነው። ነጫጮቹ ፊደሎች ስክሪኑ ላይ ሮጡ።

ዳይሬክተሯ ሻያቸውን ፉት አሉ። ሙቅ መሆን አለበት፣ ከንፈራቸውን ሰበሰቡ። ከቦርሳቸው አንድ የፈተና ወረቀት አውጥተው ፊታቸው ዘረጉና ምን ያህል ፍጥነት እንዳለው ሊጠይቁት ሲሉ አባዬ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ወረቀቱ ለእሱ ተዘቅዝቆ ሳለ፣ በትሕትና አቋረጣቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ‹ነው› የምትለዋ ሁለቴ ገብታለች።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው ሦስተኛውን ጥያቄ አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን አገላብጠው አባዬን አዩት።

«ከሰኞ ጀምሮ ይመችዎታል?» አሉት።

አባዬ ያን ቀን አልተቆጣኝም። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ምክንያቱን ጠየቀኝ፣ እኔም የሰላዮቹን ነገር ከሀ እስከ ፐ ነገርኩት። ሳይስቅ ሰማኝ። ጉዳዩን እንደሚከታተል ቃል ገባልኝና ማስቲሽ ለወረቀት ብቻ እንደሆነ መከረኝ።

ችግሩ የመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ማሽኑ ሳምንቱን ሙሉ ሳይጮህ ሰንብቷል፤ አባዬ ሳጥኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከድኖ አራቱንም ብሎን አስሮታል። ሽቦ ግን አልመጣም። ምሳ ደረሰ፣ አልመጣም። እማዬ ሦስት ሰሃን አወጣች፣ በሩን አየች፣ አራተኛውን አንስታ መልሳ አስቀመጠች። አባዬ ደግሞ ይተይባል፣ ያቆማል፣ መስኮቱን ያያል፣ ይተይባል። አፍሮብን ይሆናል ተባባሉ። እኔ ሰላይ ሲነቃበት እንደሚጠፋ አውቃለሁና ምንም አልደነቀኝም።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ካቻቢቴውን አነሳ። አራቱን ብሎኖች ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ። ጠረጴዛ ሥር መሆኔን ረስቶ ይሁን ሳይረሳ እንጃ፤ በሩን እንኳን አላየም። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና በአውራ ጣቱ ግራ ጆሮውን ገፋ። ቀጭ።

ማብሪያውን ተጫነ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

«ፌንጣ፣ ነይ ውጪ» አለኝ። «አጎትሽ ቤት ሩጪ። ማሽኑ አሞታል፣ ብቻዬን አልቻልኩም ብሏል በዪው።»

«አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ አሁን...»

«ሩጪ አልኩሽ።»

ሮጥኩ። የሽቦ ቤት መጋረጃው በቀን ተጋርዷል። ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አንጀቱ የወጣ ሬዲዮ ፊት ተቀምጧል፣ ግን አይሠራም። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ማንኪያ ታጥበው ተደፍተዋል። ግድግዳው ላይ የሚስቱ ካፖርት አሁንም እንደተሰቀለ ነው። የተላክሁበትን ነገርኩት።

ሬዲዮውን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ «ስንቴ ነው የሚጮኸው?» አለኝ።

«ሦስቴ።»

ጫማውን መፈለግ ጀመረ። እግሩ ላይ ነበር።

አንድ ጊዜ፣ አድጌ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ እኔና አባዬ ሱቅ ውስጥ ብቻችንን ሳለን ጠየቅኩት። ከመጀመሪያው እሁድ ካወቅክ፣ ያንን ሁሉ ሳምንት ለምን ፈታህ ገጠምክ? አባዬ የያዘውን ብሎን አጥብቆ ጨረሰ። «ነቅቼብሃለሁ ብዬው ቢሆን ቅዳሜ የት ይሄድ ነበር?» አለኝ። ከዚያ ጨመረ፦ «ለእኔም ደስ ይለኝ ነበር።»

ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ የት አውቄ። ሽቦን ከኋላው እየገፋሁ ቤት አስገባሁትና ወደ ቦታዬ፣ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ሁለቱ ሰዎች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሳጥኑ ላይ አጎነበሱ። ሽቦ እጁን ሰደደ። ጣቱ ግራ ጆሮው ጋ ሲደርስ ቆመ። አባዬ ጣራውን ያያል።

«ከባድ ብልሽት ነው» አለ ሽቦ፣ ድምፁ ሻክሮ።

«እኔም ፈርቼ ነበር።»

«በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ አይደለም።»

«ምን ይደረግ» አለ አባዬ።

እኔ ከቁርጥራጭ ጨርቁ መሃል ሆኜ ሁሉን አየሁ፣ ሁሉም ነገር ገባኝ፣ ልቤም ተሰበረ። አባዬንም ሰላይ አድርገውታል።

ከራሴ በላይ የስፌት መኪናው ቆመ። እማዬ ወደ ኩሽና ሄደችና አራተኛውን ሰሃን አወጣች።